«ፖዘቲቭ» ከተባለ በኋላ፦ የጉበት ቫይረስን በደም ምርመራ መከታተል



ከሁለት ዓመት በፊት በግቢያችን የደም ልገሳ ሲካሄድ ከፊቴ ተሰልፎ የነበረው የዶርም ጓደኛዬ ነበር። ደሙን ሰጠ፣ ብስኩትና ጭማቂውን ተቀበለ፣ ዝሁርን አብረን ሰግደን ወደየክፍላችን ሄድን። ከሳምንታት በኋላ ስልክ ተደውሎ «ውጤትህን መጥተህ ውሰድ» ተባለ። ሲመለስ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከትቶት ነበር። ማታ ሌሎቹ ከተኙ በኋላ አውጥቶ አሳየኝ፤ የሄፓታይተስ ቢ ምርመራው መስመር ላይ «ፖዘቲቭ» ይላል። የሕክምና ላብራቶሪ ተማሪ ስለሆንኩ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ስንት ዓመት ይቀረኛል?» ብሎ ነው።

ረመዳን ሲገባ ሌላ ነገር አስተዋልኩ። በጀመዓ ኢፍጧር ላይ ከትሪው ራቅ ብሎ የራሱን ሳህን ይዞ መቀመጥ ጀመረ። ማንም እንዲህ አድርግ አላለውም፤ ከእኔ በቀር የሚያውቅም አልነበረም። ራሱ በራሱ ላይ የፈረደው ፍርድ ነው። ያን ወረቀት በትክክል የሚያነብለት ሰው ቢያገኝ ኖሮ ያን ሁሉ ወር እንዲያ ባላሳለፈ ነበር። ታሪኩን ያለ ስም እንድጽፍ ፈቅዶልኛል። እንደ እሱ ወረቀት አጣጥፈው የያዙ ሌሎችም በመካከላችን እንዳሉ አልጠራጠርም፤ በኢትዮጵያ የተደረጉ በርካታ ጥናቶችን ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ግምገማ የሄፓታይተስ ቢ ስርጭት 7.4 በመቶ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። ቁጥሩን በጁምዓ ሰፋችን ላይ አስሉት።

ብዙዎቻችን ይህን ቫይረስ የምናውቀው በሌላ በር ነው። ወደ ዓረብ አገር ለሥራ ልትሄድ የነበረች እህት ወይም አክስት «ሜዲካል» ላይ ትወድቃለች፤ «አንፊት» ተብላ ትመለሳለች። ቤተሰቡ የሚያዝነው ለቀረው ጉዞ ነው እንጂ ለጉበቷ አይደለም። ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ በኋላ የሚያየው የለም። እኔ በምኖርበት ሰፈር እንኳ እንዲህ መሳቢያ የገቡ ሁለት ወረቀቶች አውቃለሁ።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ደም ባንክም ሆነ ሜዲካል የሚያየው «ኤች.ቢ.ኤስ.ኤ.ጂ.» የሚባለውን ነው። ይህ የቫይረሱ የላይኛው ልብስ ፕሮቲን ነው፤ በደም ውስጥ ከተገኘ ቫይረሱ በሰውነት ውስጥ አለ ማለት ነው። አገኛኘቱ የሚገርም ነው። አሜሪካዊው ባሩክ ብሉምበርግ በ1960ዎቹ የጉበት ቫይረስ ሳይሆን በተለያዩ ሕዝቦች ደም መካከል ያለውን የዘር ልዩነት ሲፈልግ፣ ከአንድ የአውስትራሊያ ነባር ተወላጅ ደም ውስጥ የማይታወቅ ፕሮቲን አገኘ፤ «የአውስትራሊያ አንቲጅን» አለው። የጉበት በሽታ ምልክት መሆኑ የታወቀው ከዓመታት በኋላ ነው። በ1976 ኖቤል ተሸለመበት። ዛሬ ጣታችንን ተወግተን በደቂቃዎች ውስጥ የምናየው መስመር ያ ነው።

ይህ ምርመራ የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ቫይረሱ አለ ወይስ የለም? ጉበት ተጎድቷል ወይ፣ መድኃኒት ያስፈልጋል ወይ፣ ስንት ዓመት ይቀረኛል ለሚሉት መልስ የለውም። ከስድስት ወር በኋላ ተደግሞ አሁንም ፖዘቲቭ ከሆነ ሥር የሰደደ ይባላል። ጨቅላ ሳሉ ከተያዙት ከአሥር ዘጠኙ ገደማ ቫይረሱ አብሯቸው ይኖራል፤ ጤናማ ሆኖ በጉልምስና የተያዘ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ያስወግደዋል፤ የሚቀርበት ከመቶ ከአምስት አይበልጥም። ስለዚህ በእኛ ዕድሜ ፖዘቲቭ የሚሆን ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ተሸክሞት የኖረ ነው። «የት ሄደህ አመጣኸው?» የሚለው ጥያቄ ከነውርነቱም በላይ ስሕተት ነው።

የእኛ ትውልድ ደግሞ የተለየ ቦታ ላይ ነው። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በኢትዮጵያ በመደበኛው የሕፃናት ክትባት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። በእኛ አቆጣጠር ከ1999 ዓ.ም. በፊት የተወለድን በሕፃንነታችን አልተከተብንም ማለት ነው። ታናሾቻችን ያገኙትን እኛ አላገኘነውም።

ፖዘቲቭ የሆነ ሰው ቀጥሎ የሚታዘዝለት የጉበት ኢንዛይም ምርመራ ነው። በወረቀቱ ላይ «ኤ.ኤል.ቲ.» እና «ኤ.ኤስ.ቲ.» ይባላሉ፤ አንዳንድ ላብራቶሪ በቀድሞ ስማቸው «ኤስ.ጂ.ፒ.ቲ.» እና «ኤስ.ጂ.ኦ.ቲ.» ብሎ ያትማቸዋል፤ ያው ናቸው፣ በቅደም ተከተል። ኢንዛይሞቹ ሥራቸው ጉበት ህዋስ ውስጥ ነው። ህዋሱ ሲቆስል ወይም ሲሞት ወደ ደም ይፈሳሉ። ጎተራ ተቀዶ እህሉ መሬት ላይ ሲታይ እንደማለት ነው፤ መሬት ላይ ያለው እህል ቀዳዳ እንዳለ ይነግረናል፣ ጎተራው ውስጥ ስንት እንደቀረ ግን አይነግረንም። ኤ.ኤል.ቲ. በብዛት የሚገኘው ጉበት ውስጥ ስለሆነ ለጉበት የበለጠ ይታመናል። ኤ.ኤስ.ቲ. በጡንቻና በልብም ውስጥ አለ፤ ትናንት ኳስ ሲጫወት የዋለ ተማሪ ዛሬ ቢመረመር ከፍ ሊልበት ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚወድቁባት ጉድጓድ አለች። የላብራቶሪ ወረቀት በቀኙ በኩል «መደበኛ» የሚለውን ክልል ያትማል፤ ለኤ.ኤል.ቲ. ብዙውን ጊዜ እስከ 40 ወይም ጥቂት ከዚያ በላይ። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ለሄፓታይተስ ቢ ክትትል የሚጠቀምበት ጣሪያ ለወንድ 30፣ ለሴት 19 ነው። ኤ.ኤል.ቲ. 34 የሆነበት ወንድም ወረቀቱ «ኖርማል» ይለዋል፤ በዚህኛው መለኪያ ግን ጣሪያውን አልፏል። 25 የሆነባት እህትም እንዲሁ። እህቶቼ ይህን ቁጥር በተለይ ያዙልኝ፤ ብዙ ጊዜ ለሴትና ለወንድ አንድ ጣሪያ ታትሞ አይቻለሁ።

ሁለተኛው ጉድጓድ አንዴ ተመርምሮ መተው ነው። ሄፓታይተስ ቢ እንደ ክረምት ጎርፍ ነው፤ ለወራት ይተኛል፣ ከዚያ ሰውነት ሲዋጋው ኢንዛይሙ ይነሣል፣ እንደገና ይወርዳል። በተኛበት ቀን የተመረመረ ሰው «ደህና ነኝ» ብሎ ይሄዳል። የተወሰደው ናሙና የዚያን ቀን ፎቶ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ሐኪም «ከስድስት ወር በኋላ ተመለስ» ሲል ከራሱ ለማራቅ የሚመስለን ነገር ግን ትልቁ ሕክምና የሆነው። ለዚህ ምርመራ መጾም አይጠይቅም፣ አለመጾምም አይጠይቅም።

ሦስተኛው የቫይረሱ ብዛት ነው፤ «ቫይራል ሎድ» የሚባለው። በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ቫይረሱ ምን ያህል እንዳለ ይቆጥራል። 2,000 እና 20,000 የሚሉ ቁጥሮችን ከሐኪም አፍ የምትሰሙት ከዚህ ነው። ከኢንዛይሙ ጋር ሲነበብ ብዙ ይናገራል፤ ቫይረሱ ብዙ ሆኖ ጉበትም እየቆሰለ ከሆነ ነገሩ ቸል የሚባል አይደለም። ችግሩ ዋጋው ነው። ከተዘረዘሩት ሁሉ ኪስ የሚጎዳው እሱ ነው፣ በየቦታውም አይገኝም። «ኤች.ቢ.ኢ.ኤ.ጂ.» የሚባል ሌላ ምልክትም አለ፤ ፖዘቲቭ ሲሆን ቫይረሱ በብዛት እየተራባ መሆኑን ያሳያል። ነገር ግን በአገራችን አዋቂ ታካሚዎች አብዛኞቹ ላይ ኔጋቲቭ ስለሚሆን ኔጋቲቭ መሆኑ ብቻውን ለእፎይታ አይበቃም።

አራተኛው ማንም ለጉበት ብሎ የማያየው ነው፤ ፕላትሌት። በተራው የደም ቆጠራ ወረቀት ውስጥ ታች ተጽፎ ይቀራል። ፕላትሌት ደም እንዲረጋ የሚያደርግ ጥቃቅን ህዋስ ነው፤ መደበኛው በማይክሮ ሊትር ከ150 ሺህ በላይ ነው። ከጉበት ጋር ምን አገናኘው? ጉበት ዓመታት ቆስሎ ጠባሳ ሲያወጣ እንደ ድሮው ደም አያሳልፍም። ወደ ጉበት የሚሄደው ደም መንገድ ይዘጋበትና ወደ ኋላ ይጠራቀማል፤ ጣፊያ ያብጣል፤ ያበጠ ጣፊያ ፕላትሌቱን ይዞ ያስቀራል። ስለዚህ ፕላትሌት ዓመት ከዓመት እየወረደ ሲሄድ፣ ሆድ ከማበጡ ዓይንም ቢጫ ከመሆኑ ብዙ ቀድሞ የሚሰማ ድምፅ ነው።

እነዚህን ሁለቱን፣ ኤ.ኤስ.ቲ.ን እና ፕላትሌትን፣ አንድ ላይ ያስገባ ቀላል ስሌት አለ፤ «ኤፕሪ» ይባላል። ኤ.ኤስ.ቲ.ው ለላብራቶሪው ጣሪያ ይካፈላል፣ የተገኘው በሺህ ለተቆጠረው ፕላትሌት ይካፈላል፣ በ100 ይባዛል። አብረን እናስላ። ኤ.ኤስ.ቲ. 52፣ ጣሪያው 40፣ ፕላትሌት 180 ሺህ እንበል። 52 ለ40 ሲካፈል 1.3፤ 1.3 ለ180 ሲካፈል በ100 ሲባዛ 0.72። ኤ.ኤስ.ቲ.ው ትንሽ ከፍ ያለ ነው፣ ፕላትሌቱ መደበኛ ነው፣ ወረቀቱን ያየ ሰው ሁሉ «ምንም አይደል» ይላል። ስሌቱ ግን ጠባሳ እየተሠራ ሊሆን እንደሚችል ይጠቁማል። ወባ ወይም ሌላ ትኩሳት ይዞት የከረመ ሰው ፕላትሌቱ ስለሚወርድ ስሌቱ ያሳስታል፤ ድኖ መድገም ነው።

ያ 0.72 ብዙ ነው ወይስ ትንሽ? እዚህ ላይ ነው ታሪኩ ወደ ሰፈራችን የሚመጣው። ጉለሌ ውስጥ፣ ከፓስተር ብዙም ሳይርቅ፣ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 መጀመሪያ ላይ የሆስፒታሉ ሐኪሞች ከኖርዌይ ባለሙያዎች ጋር ሆነው ሥር ለሰደደ ሄፓታይተስ ቢ የሕክምና መርሐ ግብር ጀመሩ። ከዚያ በፊት በአገራችን የመንግሥት ሕክምና ውስጥ ለዚህ በሽታ የተደራጀ ሕክምና አልነበረም ማለት ይቻላል፤ መድኃኒቱ ቴኖፎቪር ግን ለኤች.አይ.ቪ. ታካሚዎች ለዓመታት ሲሰጥ ነበር። አንዱ በሽታ ያለበት ያገኘዋል፣ ሌላው ያለበት አያገኘውም።

በመርሐ ግብሩ 1,303 ሰዎች ተመዘገቡ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመት ተኩል መድኃኒት የጀመሩት 328 ናቸው፤ ከአራት አንድ ገደማ። ይህን ቁጥር ለጓደኛዬ ስነግረው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። ፖዘቲቭ ከሆኑት ከአራት ሦስቱ በዚያን ጊዜ የሚያስፈልጋቸው ክትትል ብቻ ነበር ማለት ነውና። ከጀመሩት መካከል በመጀመሪያው ዓመት የሞቱ አሉ፤ አብዛኞቹ ሲመጡ ጉበታቸው ተጠባብሶ ሆዳቸው ውኃ መቋጠር የመሰለ የከፋ ደረጃ ላይ የደረሱ ነበሩ። መድኃኒቱ አልሠራ ብሎ ሳይሆን ሰው ዘግይቶ መጥቶ ነው።

እነዚሁ ሐኪሞች ሌላ ነገር ጠየቁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ መሠረት ጉበቱ ጠባሳ ያዘለ የሚባለው ኤፕሪው ከ2 ሲያልፍ ነበር። አልፎ ካልተገኘ ደግሞ ዕድሜው በተለይ ከ30 በላይ የሆነ፣ ኢንዛይሙ በተደጋጋሚ ከፍ ያለና ቫይራል ሎዱ ከ20,000 የበለጠ ሰው መድኃኒት ይጀምር ይል ነበር። ይህን መስመር በጉለሌ ታካሚዎች ላይ ሲያደርጉትና ከአውሮፓ የጉበት ሐኪሞች መመዘኛ ጋር ሲያስተያዩት፣ መድኃኒት ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች ግማሽ የሚሆኑትን ያሳልፋል። በ2019 ያወጡት ጽሑፍ ርዕሱ ራሱ ይህን በግልጽ ይናገራል። ሌላ አገር የተሰመረ መስመር እዚህ ያለውን ሰው ሳያየው ቀረ። ኤፕሪ 2 የሚደርሰው ለምሳሌ ፕላትሌቱ ወደ 100 ሺህ ወርዶ ኤ.ኤስ.ቲ.ው የጣሪያው እጥፍ ሲሆን ነው፤ እዚያ የደረሰ ሰው ቀድሞም ታሟል።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ድርጅቱ መመሪያውን ቀየረ። አሁን ኤፕሪ ከ0.5 ካለፈ፣ ወይም ፋይብሮስካን በሚባለው መሣሪያ ሲለካ ጉበቱ ከ7 ኪሎ ፓስካል በላይ ከደደረ፣ ቫይራል ሎዱ ምንም ይሁን ምን ሕክምና ይመከራል። ቫይራል ሎዱ ከ2,000 በላይ ሆኖ ኤ.ኤል.ቲ.ው ከጣሪያው ያለፈም እንዲሁ። በቤተሰቡ የጉበት ካንሰር ወይም የተጠባበሰ ጉበት ያለበት፣ ስኳር ወይም ኤች.አይ.ቪ. ያለበትም ቁጥሩ ሳይጠበቅ ይታሰብለታል። ቫይራል ሎድ ማሠራት በማይቻልበት ቦታ ኤ.ኤል.ቲ.ው ደጋግሞ ከፍ ማለቱ ብቻውን ይበቃል። ያ የእኛ 0.72 በአሮጌው መስመር «ሂድ» የሚባል ነበር፤ በአዲሱ «ቁጭ በል እንነጋገር» የሚባል ነው። ከዓመታት በፊት ተመርምራችሁ «መድኃኒት አያስፈልግህም» የተባላችሁ ወረቀታችሁን ይዛችሁ እንደገና ብትሄዱ ጥሩ ነው የምለው ለዚህ ነው። ውሳኔው የሐኪም ነው፤ ጥያቄውን ማንሣት ግን የእናንተ ነው።

ስለ ሄፓታይተስ ሲ በአጭሩ። እሱ ሌላ ቫይረስ ነው፤ በአብዛኛው በአሥራ ሁለት ሳምንት ኪኒን ይድናል። የፀረ አካል ምርመራው ግን ከዳነ በኋላም ፖዘቲቭ ሆኖ ስለሚቀር ቫይረሱ መኖሩን የሚያሳየው ሌላ ምርመራ ሳይሠራ መደንገጥ አይገባም። ቢ ግን እስከ አሁን ጨርሶ የሚነቅለው መድኃኒት የለም። ቴኖፎቪር ያስተኛዋል፣ ጠባሳውን ያቆማል፣ አንዳንዴም ወደ ኋላ ይመልሳል። ለዚህ ነው ለዓመታት የሚወሰደው፤ ያለ ሐኪም ማቋረጥ ቫይረሱን በቁጣ ያስነሣዋል። ሲወሰድም ኩላሊትን ለማየት ክሪያቲኒን የሚባል ምርመራ ይጨመራል።

ቁጥሩን የሚያዛቡ የራሳችን ነገሮችም አሉ፤ ሳንደባበቅ እናውራቸው። አንደኛው ጫት ነው። ለፈተና ሌሊቱን ለማንጋት የሚቅም ወንድም በመካከላችን የለም አንልም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ በሐረር ሆስፒታሎች የተሠራ ጥናት ጫት መቃም ሥር ለሰደደ የጉበት በሽታ ተጋላጭነትን እንደሚጨምር አሳይቷል፤ የሚቃመው በበዛ ቁጥር አደጋውም ጨምሯል። ጉበቱ ላይ ቫይረስ ያለበት ሰው ሁለተኛ ጠላት መጨመር የለበትም። ኢንዛይሙ ሲነሣም ሐኪሙ ከቫይረሱ ይሁን ከጫቱ እንዲለይ እውነቱን መንገር ነው፤ ካርድ ክፍል ላይ ማፈር ዋጋ ያስከፍላል።

ሁለተኛው ቅጠላ ቅጠል ነው። ዓይን ቢጫ ሲሆን በገጠር «የወፍ በሽታ» ነው ይባላል፤ የሌሊት ወፍ ሸናበት ተብሎ ወደ መድኃኒት አዋቂ ይኬዳል። ከሚጠጡት ሥራ ሥሮች አንዳንዶቹ ራሳቸው ጉበት ያቆስላሉ። ደግሞም ሄፓታይተስ ኤ እና ኢ ራሳቸው የሚለቁ ስለሆኑ ሰውየው ሲድን ምስጋናው ለሥሩ ይሆናል፤ ቢ ያለበት ዘመዱም ያንኑ ይጠጣል። ጥቁር አዝሙድና ማር እወዳለሁ፤ ጠዋት ጠዋትም እበላለሁ። ነገር ግን ቫይራል ሎድ አወረደልኝ ብሎ ቴኖፎቪሩን ያቆመ ሰው ሲያጋጥመኝ ዝም አልልም።

ወደ ትሪው ልመለስ። ሄፓታይተስ ቢ በምግብ፣ በጋራ በመብላት፣ በመጨባበጥ፣ አብሮ በመስገድ፣ በአንድ የውዱእ ማሰሮ አይተላለፍም። የሚተላለፈው በደም፣ በግብረ ሥጋና በወሊድ ነው። ስለዚህ ልንጠነቀቅበት የሚገባው ቦታ ሌላ ነው፤ ምላጭ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ የጥፍር መቁረጫ፣ ፀጉር ቤት። ሒጃማ ወይም ዋግምት የምታስደርጉ ምላጩ ከማሸጊያው ፊታችሁ እንዲወጣ፣ ኩባያውም ለሌላ ሰው ያልዋለ እንዲሆን ጠይቁ። የሚቀየመው ካለ ሌላ ቦታ ሂዱ።

ለኒካሕ የምትዘጋጁ ምርመራውን ከመህሩ ወሬ በፊት አድርጉት። አንዱ ፖዘቲቭ ቢሆን ጋብቻው የሚፈርስበት ምክንያት የለም፤ ሌላኛው ይመረመርና መከላከያ ከሌለው ሦስቱን ክትባት በስድስት ወር ውስጥ ይጨርሳል። እናት ፖዘቲቭ ከሆነች ሕፃኑ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ መከተብ አለበት፤ ቫይረሱ የበዛባት እናት ደግሞ በእርግዝናዋ መጨረሻ መድኃኒት ይሰጣታል። እዚህ ላይ የእናት ቫይራል ሎድ ለልጅ የሚተርፍ ቁጥር ነው።

ስለ ረመዳንም ብዙ ተጠይቄያለሁ። ቴኖፎቪር በቀን አንድ ጊዜ ነው፤ በኢፍጧር ወይም በሱሑር መውሰድ ይቻላል፣ ዋናው ሰዓቱን አለማዘበራረቅ ነው። ለምርመራ ደም መሰጠቱ ጾምን ስለመንካቱ ብይኑን ኡስታዞቻችንን ጠይቁ፤ ከተጨነቃችሁ ቀጠሮውን ከረመዳን በፊት ወይም ከሸዋል ጀምሮ ማድረግ ይቀላል። ሆዱ ውኃ የቋጠረ፣ ጉበቱ የተጠባበሰ ሰው ግን ከሐኪሙ ጋር ሳይማከር አይጹም።

ሥር የሰደደው ካለባችሁ አልትራሳውንድም በየስድስት ወሩ ሊታዘዝላችሁ ይችላል፤ ከአልፋ ፌቶ ፕሮቲን ጋር። ይህ የደም ምልክት በጉበት ካንሰር ጊዜ ከፍ ይላል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም፣ ሌላ ጊዜም ጉበት በመቆጣቱ ብቻ ከፍ ይላል። ብቻውን አይታመንም፤ ከምስሉ ጋር ይነበባል።

የጓደኛዬ ነገር እንዲህ ሆነ። ኤ.ኤል.ቲ. 28፣ ኤ.ኤስ.ቲ. 25፣ ፕላትሌት 230 ሺህ። ኤፕሪው 0.27። ቫይራል ሎዱ ከ1,000 በታች። መድኃኒት አልተጀመረለትም፣ በየስድስት ወሩ ይመለሳል፤ እስከ አሁን ሦስት ጊዜ ሄዷል። ሁሉንም ወረቀት በአንድ ፋይል ውስጥ በቀን ቅደም ተከተል አስገብቶታል፣ የመጀመሪያውን የታጠፈውንም ጭምር።

ሐኪሙ ግን በመጀመሪያው ቀን አንድ ነገር ጠይቆት ነበር፤ እናትህ ተመርምረዋል? አልተመረመሩም ነበር። ከወሎ እንዲመጡ ለማሳመን አራት ወር ፈጀበት፤ «እኔ ምን ሆንኩና፣ ድካም ነው እንጂ» ይሉ ነበር። መጡ። ፖዘቲቭ ናቸው። ኤ.ኤስ.ቲ. 61፣ ፕላትሌት 104 ሺህ፤ ኤፕሪው 1.5 ሊሞላ ትንሽ ቀረው። ሆዳቸው አላበጠም፣ ዓይናቸውም ነጭ ነው። በአሮጌው መስመር ይህ ስሌት ብቻውን «ጤነኛ ናቸው» ብሎ ወደ ወሎ ይመልሳቸው ነበር።

ቴኖፎቪር ከጀመሩ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ከዒሻ በኋላ ነው የሚወስዱት፤ በየማታው ልጃቸው ደውሎ «ዋጡ?» ይላቸዋል፣ እሳቸውም መጀመሪያ «አንተስ በላህ ወይ?» ብለው ይጠይቁታል። ታላቅ ወንድሙና እህቱም ተመርምረው ነጻ ሆነው ክትባታቸውን ጨርሰዋል። ባለፈው ረመዳን እሱ ከትሪው ጋር ነበር፤ ሳምቡሳውን ማን እንደጨረሰ ስንከራከር ከሁሉም በላይ የሚጮኸው እሱ ነበር።

የጤና ዘርፉ በየሳምንቱ ማክሰኞ ከዐስር ሶላት በኋላ በመስጂዱ በስተኋላ ባለው ክፍል ይቀመጣል። የታጠፈ ወረቀት ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እናነበዋለን፣ ወዴት መሄድ እንዳለባችሁም እንጠቁማችኋለን። ስማችሁ አይመዘገብም።